ያረጀውን ሥዕል በአዲስ ቀለም መሸፈን ይገባልን?

ሰው ለእግዚአብሔር ቤት የሚያቀርበው መባ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ዕጣንና ጧፍ፣ አንዱ መጋረጃና ምንጣፍ፣ አንዱም የጉልበቱን ድካም ያቀርባል። ዕጣኑ ይጤሳል፤ ጧፉም ይነድዳል፤ ምንጣፉም በጊዜው ያልቃል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሣል ቅዱስ ሥዕል ግን ሰጪው ከዚህ ዓለም ከተለየ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ስለ ቅዱሱ እየመሰከረ ስለ ሰጪውም ይለምናል። እንግዲህ ይህ ሥዕል ባረጀና በጠቆረ ጊዜ ምን ሊደረግ ይገባዋል? ፍቆ ወይም ልጦ በስፍራው አዲስ መሣል ይገባልን? ወይስ እንዳረጀ መተው ይሻላል? ነገሩ ለሠዓሊና ለቀለም ሻጭ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለውን አደራ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ካህናትም ምእመናንም ሊመረምሩት የሚገባ የኅሊና ጥያቄ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ሆለታን ካለፈ በኋላ አዲስ ዓለምን ያገኛል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ስፍራ አዲስ ከተማ ለመቈርቈር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀ ሄዶ ነበር። ኋላ ግን ባሕር ዛፍ ተተክሎ ስለ በቀለ ዋና ከተማው ሳይነሣ ቀረ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ሥራ ወደ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። ርእሰ አድባራት ተብላ የምትጠራው ይህች ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በግድግዳዋ ሥዕል የታወቀች ናት። ለምድራዊ ንጉሥ የታሰበው ስፍራ የሰማያዊው ንጉሥ ማደሪያ ሆኖ ማየት ልብን ያስደስታል።

ከአዲስ ዓለም አልፎ ወደ ጊንጪና ወደ ደንዲ ተራራ ግርጌ ሲደርስ ግን የንጉሥ እጅ ያልደረሰባቸው፣ ገበሬውና ነጋዴው እንደ ዐቅሙ ያሠራቸው አብያተ ክርስቲያናት በየጉብታው ላይ በጽድና በወይራ ተከበው ይታያሉ። በዚህ አገር ከምእመናኑ የብዙዎቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ቅዳሴው በግእዝ ይቀደሳል፤ ስብከቱም ለረጅም ዘመን በአብዛኛው በአማርኛ ይሰበክ ነበር። እንግዲህ ግእዝም አማርኛም የማያውቁ እናቶች የጌታን መከራና የእመቤታችንን ኀዘን ከወዴት ተማሩ? ከግድግዳው ተማሩ ብል ሐሰት አይሆንብኝም፤ ሥዕል ቋንቋ ሳይለይ ያስተምራልና። ጻድቁ ሁለት ዐይኖቹ እየታዩ፣ ከሓዲው ግን ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዐይኑ ብቻ ሲሣል ያየች እናት፣ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ አስተርጓሚ ሳትሻ ትለያለች።

ስለ አሣሣሉም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኢጣልያውያን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሥሉትን ሥዕል ፍሬስኮ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ትኩስ ማለት ነው። ግድግዳው በኖራ ከተለሰነ በኋላ ልስኑ ሳይደርቅ፣ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ይቀባበታል፤ ኖራውም ሲደርቅ ቀለሙን በውስጡ ይዞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለዚህ ሠዓሊው በአንድ ቀን ሊጨርሰው የሚችለውን ያህል ብቻ እየለሰነ ይሥላል። የእኛ አባቶች ሥርዓት ግን ከዚህ ይለያል። በላስታ እንደ ገነተ ማርያም፣ በትግራይም እንደ ቆርቆር ማርያም ባሉት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀለሙ በደረቀ ልስን ላይ ተሥሏል። ከጎንደር ዘመን ወዲህም በጥጥ ጨርቅ ላይ መሣልና ጨርቁን በግድግዳው ላይ መለጠፍ እጅግ ተለመደ፤ ጭቃና ጭድ ለተመረገበት ግድግዳ የሚስማማ ጥበብ ነውና። ነገር ግን በደረቅ ላይ የተቀባ ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል፤ የተለጠፈውም ጨርቅ ጣሪያው ሲያፈስስ ይላቀቃል። ፍሬስኮ ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ሲሆን የእኛ ሥዕል ግን እንደ ልብስ ነው። ልብስ ደግሞ ቶሎ ስለሚያረጅ ቶሎ ለመለወጥ ያስመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በብዙ አሮጌ ሥዕሎች ግርጌ፣ ከቅዱሱ ወይም ከእመቤታችን እግር በታች፣ ትንንሽ ሰዎች ተሥለው ይገኛሉ። እነዚህ ሥዕሉን ያሣሉ ሰዎች ናቸው። ንጉሠ ነገሥት ይኩኖ አምላክ ባሠሩት በገነተ ማርያም የራሳቸው መልክ በግድግዳው ላይ ተሥሎ ይገኛል። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ባለችው በናርጋ ሥላሴም እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር በታች በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። በእንዲህ ያለው ሥዕል አጠገብ ብዙ ጊዜ ስምና «ተማኅፀነ» ወይም «ተማኅፀነት» የሚል ቃል ይጻፋል። ትርጓሜውም ራሱን አደራ ሰጠ፣ ከጥበቃሽ በታች ገባ ማለት ነው። ነገሥታቱ ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ተጽፏልና ግድግዳው ቢፈርስ እንኳ አይረሱም። የደንዲው ገበሬና ሚስቱ ግን ከዚያች ከግድግዳዋ በቀር ስማቸውን የያዘ መጽሐፍ በምድር ላይ የላቸውም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከራሴ በደል ተነሥቼ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርቴን ፈጽሜ፣ በደንዲ ወረዳ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በመምህርነት ተመድቤ ነበር። ስሟን አልጠራም፤ በደሉ የእኔ እንጂ የእርሷ አይደለምና። በመቅደሱ በር አጠገብ ያረጀ ምስለ ፍቁር ወልዳ ነበረ። ጨርቁ ከላይ በኩል ከጣሪያው በሚወርድ ውሃ ተላቅቋል፤ የእመቤታችን ፊት በጧፍ ጢስ ከመጥቆሩ የተነሣ ከዐይኖቿ በቀር የሚለይ አልነበረም። ከእግሯ በታች አንድ ወንድና አንዲት ሴት በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። በአጠገባቸው የነበረው ጽሕፈት ከግማሽ በላይ ጠፍቶ «ተማኅፀነ» የሚለው ቃልና ከስማቸው ጥቂት ፊደላት ብቻ ይነበቡ ነበር።

በዚያ ጊዜ አንድ ቅን ምእመን ስእለቱ ስለ ሰመረለት ከከተማ መጥቶ፣ ለእመቤታችን አዲስ ሥዕል ላሠራ ብሎ ገንዘብ አቀረበ። ሠዓሊውም አሮጌው ጨርቅ ካልተነሣ አዲሱ አይይዝልኝም አለ። ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ነገሩን ተነጋገርን፤ ሁላችንም ደስ አለን። አንድ ሽማግሌ ቄሰ ገበዝ ብቻ ብዙ ዝም ብለው ቆይተው ወደ እኔ ዘወር አሉና፣ «መምህር፣ እነዚህስ ሰዎች ወዴት ይሂዱ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የትኞቹ ሰዎች፣ አባቴ?» አልኋቸው።

«እነዚህ የወደቁት» አሉና በእጃቸው የሥዕሉን ግርጌ አመለከቱኝ።

እኔም ትምህርቴን ለማሳየት ቸኵዬ፣ «ስማቸው በሕይወት መጽሐፍ ከተጻፈ የጭቃ ግድግዳ ምን ይጨምርላቸዋል?» ብዬ መለስሁ። የተሰበሰቡትም «መምህር መልካም ተናገሩ» አሉ። ሽማግሌው እጅ ነሥተው ዝም አሉ። በማግሥቱ ጨርቁ ተላጠ፤ ብጥስጣሹም ተሰብስቦ ከቅጽሩ ጥግ ተቃጠለ። አዲሱ ሥዕል ያማረ ሆነ፤ በግርጌውም የአዲሱ ሰጪ ስም በጉልህ ፊደል ተጻፈ።

ኋላ ያስተዋልሁት ነገር ልቤን አቈሰለው። እኒያ ሽማግሌ በየማለዳው መብራት ሊያበሩ ሲገቡ በዚያ ስፍራ ቆም ብለው በለሆሳስ ሁለት ስም ይጠሩ ነበር። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ቄሰ ገበዝ አስተምረዋቸው ኖሮ፣ ከጽሕፈቱ የጠፋውን እርሳቸው በቃላቸው ይዘውት ነበር። አዲሱ ሥዕል ከተሠራ በኋላም መቆማቸውን አልተዉም። እኔ ግን አፍሬ ስሞቹን ሳልጠይቃቸው ዘገየሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዐረፉ። በቀብራቸው ቀን የእነዚያን ሰዎች ስም የሚያውቅ እንዳለ ብጠይቅ አንድ ስንኳ አልተገኘም። እኔም በጆሮዬ ከሰማሁት የማስታውሰው፣ የሴቲቱ ስም በ«ወለተ» ይጀምር እንደ ነበር ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የስንቱ ክርስቲያን ሴት የክርስትና ስም መጀመሪያ ነው!

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ መልሴን አብረን እንመርምረው። እግዚአብሔር ስም ለማስታወስ ግድግዳ እንደማያስፈልገው እውነት ነው። ይህን የሚክድ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ሽማግሌው የጠየቁኝ ስለ እግዚአብሔር ትዝታ አልነበረም፤ ስለ እኛ ነበር እንጂ። ቤተ ክርስቲያናችን ለሙታን ጸሎተ ፍትሐት የምታደርስ፣ በአርባው ቀንና በዓመቱ ተዝካራቸውን የምታስብ ስለ ምንድር ነው? እግዚአብሔር እንዳይረሳቸው ነውን? አይደለም። ሕያዋን በጸሎት እንዲረዷቸው፣ ፍቅርም በሞት እንዳይቋረጥ ነው እንጂ። እንግዲህ ያ ሥዕል እነዚያ ባልና ሚስት ያቆሙት የማያቋርጥ ተዝካር ነበር። የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ጸልዩልን ይሉ ነበር። እኔ አፋቸውን ዘጋሁ፤ ስለ እነርሱ የሚጸልየውንም ሰው አሳነስሁባቸው። እውነተኛ ቃል ተናግሬ ሐሰተኛ ፍርድ ፈረድሁ፤ እውነቱን ከስፍራው አንሥቼ በማይገባው ስፍራ አኑሬዋለሁና።

«ስምን በሥዕል ግርጌ ማስጻፍ ራሱ ውዳሴ ከንቱ አይደለምን? ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ እጅ እንዳታውቅ ጌታችን አላዘዘምን?» የሚል ቢኖር፣ ጥያቄው ከባድና የሚገባ ነው። ለምስጋና የተጻፈ ስም አለ፤ ለጸሎት የተጻፈም ስም አለ። እነዚህን ሁለቱን የሚለያቸው የሰውየው አቋቋም ነው። በግንባሩ የተደፋ ሰው አዩኝ አይልም፤ ማሩኝ፣ ለምኑልኝ ይላል እንጂ። የኢጣልያን ታሪክ ብንመለከት በፓዶቫ ከተማ ኤንሪኮ ስክሮቬኒ የተባለ ባለጸጋ አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት አሠርቶ፣ ጆቶ የተባለው ታላቅ ሠዓሊ በ1305 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገደማ ግድግዳዋን ሁሉ በፍሬስኮ ሥሎለታል። የዚህ ሰው አባት በአራጣ አበዳሪነት የታወቀ ነበር። በምዕራቡ ግድግዳ በተሣለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ላይ ኤንሪኮ ተንበርክኮ የጸሎት ቤቲቱን ምሳሌ ለእመቤታችን ሲያቀርብ ይታያል። በትዕቢት ነውን? በንስሓ ነውን? ልቡን የሚመረምር እግዚአብሔር ያውቃል። በትዕቢት ቢሆን እንኳ ጸሎት የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ሰው ይበልጥ አይደለምን? ስለዚህ በሥዕሉ ግርጌ ያለው ሰው ቅን እንደ ነበረና እንዳልነበረ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም።

የቅዱስ ሥዕል ጥፋት በሦስት መንገድ እንደሚመጣ ከዚያው ከኢጣልያ አገር እንማራለን፤ ዘመናቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን። በፍሎረንስ ከተማ በሳንታ ማሪያ ዴል ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን ብራንካቺ የተባሉ ቤተ ሰቦች ያሠሩት የጸሎት ቤት አለ። በ1420ዎቹ ማዞሊኖና ማዛቾ የተባሉ ሠዓልያን የቅዱስ ጴጥሮስን ታሪክ፣ አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩም ሥለውበታል። ሳይፈጸም የቀረውን ፊሊፒኖ ሊፒ በ1480ዎቹ ፈጸመው። በመካከሉ ቤተ ሰቡ በከተማው የፖለቲካ ጠብ ተሰድዶ ስለ ነበር፣ የእነርሱን መልክ የያዘው ክፍል በጠላትነት እንደ ጠፋ ይታመናል። ይህ አንደኛው መንገድ ነው። በ1771 ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለና ሥዕሉ በጢስ ጠቆረ፤ ይህም የአደጋ መንገድ ነው። በ1680 ገደማ ደግሞ ራቁትነት በቤተ ክርስቲያን አይታይ ያሉ ሰዎች በአዳምና በሔዋን ሥዕል ላይ ቅጠል አሥለውበት ነበር፤ ይህም በመንፈሳዊ ቅንዓት የሚመጣ ጥፋት ነው። ቅጠሉ የተነሣው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ ሥዕሉ በ1980ዎቹ በጥበብ በታደሰ ጊዜ ነው።

ከሦስቱ እጅግ የሚያስፈራው የትኛው ነው? እኔስ ሦስተኛው ነው እላለሁ። ጠላት ሲያጠፋ ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ እሳት ሲያጠፋ ሰው ሁሉ ያዝናል። በቅንዓት የሚያጠፋ ሰው ግን ደስ እያለው ያጠፋል፤ ሕዝቡም ያመሰግነዋል፤ ስለዚህም ንስሓ አይገባበትም። እኔን «መልካም ተናገሩ» ብለው እንዳመሰገኑኝ ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያችው በፍሎረንስ የተሻለ ምሳሌም አለ። በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ማዛቾ በ1427 ገደማ ቅድስት ሥላሴን ሥሏል። በሥዕሉ ግርጌ በቀኝና በግራ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተንበርክከው ይጸልያሉ፤ ማን እንደ ነበሩ እስከ ዛሬ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። በ1570 ጆርጆ ቫዛሪ የተባለ ሠዓሊ ቤተ ክርስቲያኑን በአዲስ ሥርዓት እንዲያሰናዳ ታዝዞ በዚያ ስፍራ አዲስ መሠዊያ ማቆም ግድ ሆነበት። እርሱ ግን አሮጌውን ሥዕል አልፋቀውም። መሠዊያውንና የራሱን አዲስ ሥዕል ከፊቱ አቁሞ አሮጌውን ከኋላ ተወው። ወደ ሦስት መቶ ዓመት ከተሸፈነ በኋላ በ1860 ገደማ መሠዊያው ሲነሣ ሥዕሉ ተገኘ፤ እነዚያም ባልና ሚስት እንደ ተንበረከኩ ተገኙ። ይህ ሰው የጊዜውን ትእዛዝም ፈጸመ፤ የቀደሙትንም ሰዎች አላስወጣም። በሃይማኖት ከእኛ የተለየ ቢሆንም ከሥራው መማር ነውር አይደለም።

በአገራችንም አንድ የሚያሳዝን ምሳሌ አለ። በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን በጨርቅ ላይ የተሣሉ የጥንት ሥዕሎች ነበሯት። በ1932 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርሴል ግሪዮል የተባለ ፈረንሳዊ የሚመራው የጥናት ቡድን ወደዚያ መጥቶ አሮጌዎቹን ሥዕሎች ከግድግዳው ልጦ ወሰደ፤ በምትካቸውም አብሮት የነበረው ሠዓሊ አዲስ ሥዕል ሠርቶ አቆመ። አሮጌዎቹ ዛሬ በፓሪስ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ልብ በሉ! ባዕዱ ሰው አሮጌውን ፈልጎ አዲሱን ሰጠ። ለእኛ አዲሱ ሲያምርብን፣ የአሮጌውን ዋጋ ያወቀው ከሩቅ የመጣው ነበር። በዚያ ሥዕል ፊት በፓሪስ የሚቆመው ሰው ጥበቡን ያደንቃል፤ የሚሰግድ፣ የሚማፀን ግን ስንት ነው?

«አባቶቻችንም አሮጌውን እየፋቁ አዲስ አሥለዋል፤ እኛ ምን አዲስ ነገር አደረግን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አዎን፣ አባቶችም አድርገውታል። ነገር ግን እነርሱ ሥዕሉን ቀድቶ የሚያኖር ፎቶግራፍ አልነበራቸውም፤ የላላውን ጨርቅ መልሶ የሚያጠብቅ፣ ጢሱንም ቀለሙን ሳይጎዳ የሚያነሣ ባለሙያ ወዴት እንደሚገኝ አያውቁም ነበር። ብዙ ከተሰጠው ብዙ እንዲፈለግበት ጌታችን አስተምሮናል። «ሕዝቡስ ፊቷ በማይታይ ሥዕል ፊት እንዴት ይጸልይ?» የሚልም አለ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቤተ መዘክር አይደለችምና። ሕዝቡ ብሩህ ሥዕል ያስፈልገዋል። መፍትሔው ግን አሮጌውን ማቃጠል ሳይሆን ለሁለቱም ስፍራ መፈለግ ነው።

እንግዲህ ለወንድሞቼ ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ጥቂት ምክር ላቅርብ። አንደኛ፣ ስእለት ያለበት ሰው ሲመጣ አስቀድሞ ጣሪያውን አሳዩት። የሚያፈስስ ቆርቆሮ ሳይጠገን የሚሣል አዲስ ሥዕል በጥቂት ዓመት እንደ አሮጌው ይሆናል። ለጣሪያ የተሰጠ ገንዘብ በሥዕል ላይ ከተሰጠው አያንስም፤ ሥዕሉን የሚያኖረው ጣሪያው ነውና። ሁለተኛ፣ ጧፍና ሻማ ከሥዕሉ ራቅ ብሎ ይብራ፤ ሥዕሉን በውሃም ሆነ በሳሙና ማንም አይጠበው። ሦስተኛ፣ በግርጌ የተጻፈውን ስም ሁሉ፣ ፊደሉ የጎደለም ቢሆን፣ በመዝገብ ጻፉት፤ ሥዕሉንም በፎቶግራፍ አንሡት፤ ሽማግሌዎች በቃላቸው የያዙትን ዛሬ ጠይቁ፤ ነገ የእኔ ጸጸት እንዳያገኛችሁ። አራተኛ፣ ያለ ባለሙያ ምክርና ያለ ፈቃድ አሮጌውን አትንኩ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ጥገና ያለ ፈቃድ እንዳይደረግ ደንግጓል። አምስተኛ፣ አዲስ ሥዕል ካስፈለገ በእንጨት ላይ ወይም በተወጠረ ጨርቅ ላይ ይሠራና በሌላ ስፍራ ይቁም። ስፍራ ከታጣ፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ጥቂት ራቅ ብሎ ከአሮጌው ፊት ይቁም።

ለሰጪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ለእመቤታችን ልትሰጡ የወደዳችሁት ፍቅር መልካም ነው። ነገር ግን ሌላው የሰጣትን አንሥቶ የራስን ማኖር መስጠት ሊባል ይችላልን? በጎረቤትህ መባ ላይ መባህን አትደርብ። አንተም ነገ ከሥዕሉ ግርጌ የምትደፋ ሰው ነህ፤ ዛሬ ለቀደሙህ ያደረግኸውን ሌላው ነገ ያደርግብሃል። ያ ከከተማ የመጣው ቅን ምእመን አሠርቶት የነበረው ሥዕል እንኳ ዛሬ መላቀቅ ጀምሯል፤ ጣሪያው አሁንም ያፈስሳልና። ባለፈው ዓመት ወደዚያ ሄጄ ሳለ፣ አዲስ የተመደበው ወጣት መምህር ሥዕሉን አሳይቶኝ «አባታችን፣ ይህን ልጠን ሌላ ብናሠራ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የሽማግሌውን ጥያቄ መልሼ ጠየቅሁት፤ «ልጄ፣ ይህ ሰውየስ ወዴት ይሂድ?» አልሁት። እርሱም እንደ እኔ አልቸኰለም። በሥዕሉ ግርጌ ያለውን ስም ጎንበስ ብሎ አነበበና በመዝገብ ጻፈው። ሥዕሉን ትተው ጣሪያውን ለመጠገን ተስማሙ።

የዚያ ሰው ስም ዛሬ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ይጠራል። የእነዚያ የሁለቱ ስም ግን ከእኔ የተነሣ ጠፍቷል። ስለዚህ በቅዳሴ የሙታን ስም በሚታሰብበት ጊዜ፣ አንተ የምታውቃቸው፣ እኔ ያስረሳኋቸው ባልና ሚስት ብዬ አስባቸዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁም ካህናት ስለ እነርሱ አንድ ጊዜ ብትጸልዩላቸው፣ ከግድግዳው የተፋቀው ልመናቸው በእናንተ አፍ ይመለሳል፤ የእኔም ዕዳ ጥቂት ይቀልልኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።